ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ ስለ ኬራላው የአዩርቬዳ ሕክምና ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ደቡብ ህንድ፣ ኬራላ ውስጥ ባሕር ዳር ባለ የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ማዕከል አንድ ሳምንት አርፈው ተመልሰዋል። ደስ ብሏቸዋል፤ ጽሑፉም ያስታውቃል። በደስታቸው ላይ ምንም የምለው የለኝም። የምለው ያለኝ ከዚያ ደስታ ተነስተው ለአንባቢ በሰጡት ምክር ላይ ነው።

ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። አዩርቬዳ አምስት ሺህ ዓመት ሳይለወጥ ስለቆየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ይላሉ። ከዕፅዋት ስለሚሠራ ጉዳት እንደሌለው፣ ሰውነት ያጠራቀመውን መርዝ ሁሉ አጥቦ ለማውጣት ሰባት ቀን እንደሚበቃ፣ ምግቡም እንደኛ የጾም ምግብ ስለሆነ ሐበሻ እንደማይቸገር ይነግሩናል። ለመሄጃ የሚመርጡልን ታኅሣሥና ጥርን ነው፤ ፀሐይና ዋና አለ ብለው። ሐኪሙ የእጅ ደም ሥር ዳብሶ ሁሉን ስለሚያውቅ የምርመራ ወረቀት መሸከም አያስፈልግም ይላሉ። ከሃይማኖት ጋር የሚነካካ ነገር የለም ብለውም ያረጋግጣሉ። በመጨረሻ ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት ክኒናችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ ብለው ይመክራሉ። ይሄን የመጨረሻውን ባላነብ ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

እኔም እዚያው ኬራላ ታክሜ መጥቻለሁ። የምኖረው ዱባይ ነው፤ ከቢሮዬ ሰው ግማሹ የኬራላ ልጅ ነው። ወገቤ አልሻል ሲለኝ «ዝናብ ሲገባ ወደኛ ሀገር ሂጂ» ያሉኝ እነሱ ናቸው። ትሪሹር አካባቢ አንዲት ትንሽ የአዩርቬዳ ሆስፒታል ገብቼ ተኛሁ። ወገቤን ተሻለኝ። ዳንኩ አላልኩም፤ ተሻለኝ። ብር ካጠራቀምኩ ደግሜ እሄዳለሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ወዳጅ ነው። ጸሐፊው ያሞገሱት ተአምር እዚያ የለም። እዚያ ያለውን ደግሞ፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውን፣ አሰልቺውን፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚመራውን ሕክምና፣ ሳያነሱት አልፈዋል። በሰባት ቀን አይደረስበትማ።

በዕድሜው ልጀምር። አምስት ሺህ ዓመት የሚለው ቁጥር በየብሮሹሩ አለ። ትልልቆቹ መጻሕፍት፣ የቻራካና የሱሽሩታ ድርሳናት፣ አሁን ባላቸው መልክ የተሰባሰቡት ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የኬራላ ሐኪሞች ከሁሉ አብልጠው የሚይዙት የቫግባታ «አሽታንጋ ህሪዳያም» ደግሞ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጻፈ ነው። ይሄም ቢሆን ከበቂ በላይ ያረጀ ነው። ሌላ ሦስት ሺህ ዓመት መጨመር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስተው «ሳይለወጥ» የሚለው ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በእነሱ አቆጣጠር ነው) ፒ. ኤስ. ቫሪየር የሚባሉ ሐኪም ኮታካል በምትባል ከተማ አርያ ቫይድያ ሳላ የተባለውን ተቋም መሠረቱ። ሰውየው ከአዩርቬዳው ሌላ የምዕራቡንም ሕክምና ተምረዋል። ቀድሞ ታካሚው ማዘዣውን ተቀብሎ፣ ሥሩንና ቅጠሉን ራሱ ፈልጎ፣ ቤቱ ቀቅሎ ነበር የሚጠጣው። ቫሪየር መድኃኒቱን በብዛት አፍልተው በጠርሙስ መሸጥ ጀመሩ። በ1917 የአዩርቬዳ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ ኬራላ ሄደን የምናገኘው ሥርዓት፣ ሆስፒታሉም፣ ፋብሪካውም፣ ዲግሪ ያለው ሐኪሙም፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው። ጸሐፊው ያረፉበት ዓይነት የባሕር ዳር ማዕከልማ የትናንት ነው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ከኬራላ ቱሪዝም ጋር አብሮ ያደገ። ይሄን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ስህተቱን እያረመ የመጣ ሕክምና ነው እኔ የማምነው።

ደግሞስ ዕድሜ ብቻውን ምን ያረጋግጣል? ዕድሜማ ዋግምትም አለው። ይልቅ ማስረጃ ፍለጋ የተደከመባቸው ሥራዎች አሉ፤ ጸሐፊው ቢጠቅሷቸው ኖሮ ጽሑፋቸው ይጠነክር ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች የተመራ ነው። የጉልበት መገጣጠሚያቸው ያለቀ 151 ሰዎችን ከሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በአዩርቬዳ ግማሹን በተለመደው ሕክምና ለ12 ሳምንት ረዷቸው። በሕመምና በእንቅስቃሴ መለኪያ የአዩርቬዳዎቹ በልጠው ተገኙ። ግን ታካሚዎቹ የትኛውን እየወሰዱ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያ ተስፋው ራሱ ምን ያህል እንደረዳቸው መለየት ይከብዳል። ሌላው ደቡብ ህንድ፣ ኮይምባቶር በምትባል ከተማ ተሠርቶ በ2011 የታተመው ነው። የቁርጥማት ሕመም ያለባቸው 43 ሰዎች ነበሩበት። አዩርቬዳውን ሜቶትሬክሴት ከሚባለው የታወቀ መድኃኒት ጋር አወዳድረው ብዙ ልዩነት አላገኙም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ራሳቸው ተመራማሪዎቹም የመጀመሪያ ሙከራ ነው ያሉት። እንግዲህ ልኩ ይሄ ነው። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለመገጣጠሚያ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። «ማስረጃ አያስፈልገውም» ማለት ግን ይሄን ሁሉ የደከሙትን ሰዎች መናቅ ነው።

ከዕፅዋት ስለሆነ ጉዳት የለውም ወደሚለው ልለፍ። ኮሶም ከዕፅዋት ነው። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ባለበት ቤት ያደገ አንባቢ ይሄን ክርክር እንዴት እንደሚቀበለው እንጃ።

ሳርፓጋንዳ የሚባል የአዩርቬዳ ሥር አለ። ሩስቶም ጃል ቫኪል የተባሉ የቦምቤይ ሐኪም ይህ ሥር የደም ግፊትን እንደሚያወርድ በ1949 በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። በ1952 ከዚያው ሥር ሬዘርፒን የሚባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣና በዓለም ዙሪያ ለደም ግፊት ይታዘዝ ጀመር። ቆየት ብሎ ደግሞ ስሙ ከድብርት ጋር መነሳት ጀመረ፤ ሌሎች መድኃኒቶች ሲመጡ ሐኪሞች እሱን እየተዉት ሄዱ። ሥሩ የሚሠራ ሥር ነው። ስለሚሠራም ነው ጉዳት የሚያስከትለው።

የብረቶቹ ጉዳይ ደግሞ አለ። ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም። ራሳ ሻስትራ በሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ሜርኩሪ፣ እርሳስና አርሰኒክ ሆን ተብለው፣ በረጅም የማቃጠልና የማጣራት ሂደት አልፈው መድኃኒት ውስጥ ይገባሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው በ14ቱ ውስጥ ከነዚህ ብረቶች ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በታተመው ሌላ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 193 ምርቶች ሲመረመሩም ከአምስቱ አንዱ ውስጥ ተገኘ፤ ህንድ የተሠሩትም አሜሪካ የተሠሩትም ነበሩበት። በ2012 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ በአዩርቬዳ ክኒን የተነሳ በእርሳስ የተመረዙ ስድስት ነፍሰ ጡሮች ጉዳይ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ታትሟል። ጸሐፊው እኮ እርጉዝ እህቶችንም ሂዱ ብለዋል።

ኬራላ ውስጥ በአብዛኛው የሚሠሩት በሥርና በቅጠል መረቅ፣ በዘይትና በቅቤ ነው። ብረት ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ «እዚህ ውስጥ ባስማ ወይም ራሳ አለበት?» ሁለቱም በብረት የሚሠሩ መድኃኒቶች ስሞች ናቸው። ደህና ሐኪም ጥያቄውን ያውቀዋል፤ አይቆጣም። ጽሑፍ የሌለበት ከረጢት ውስጥ ዱቄት አሽጎ «ሦስት ወር ውሰጂ» የሚል ካጋጠማችሁ ከረጢቱን እዚያው ትታችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ሰባቱ ቀን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ኬራላ ሄዶ መተኛት ምን እንደሚመስል ከጸሐፊው ጽሑፍ አይታወቅም።

አጥቦ ማውጣት ያሉት ፓንቻካርማ የሚባለውን ነው። ፓንቻካርማ በአንድ ቀን ተነስቶ የሚሠራ ነገር አይደለም። በፊቱ ዝግጅት አለ፣ በኋላው ማገገሚያ አለ። ዝግጅቱ የሚጀምረው በቅቤ ነው። በመድኃኒት የተነጠረ ቅቤ ጠዋት በባዶ ሆድ ትጠጣላችሁ። መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። በየቀኑ ግን ይጨምራል። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ጉጉሉቲክታካ የሚባለው ደግሞ እንደ ሬት የመረረ ነው። ከጠጣችሁ በኋላ እስኪርባችሁ ምግብ የለም፤ ለብ ያለ ውኃ ብቻ። ተመልሶ ይመጣብኛል እያላችሁ ትቀመጣላችሁ። ይሄ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይሄዳል። ሐኪሟ በየጠዋቱ ትመጣና ስለ ሆድ፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ እንቅልፍ ትጠይቃለች። ሰውነት በቃኝ የሚልበትን ምልክት ነው የምትፈልገው።

ከዚያ ዘይቱና ላቡ ይመጣል። ሁለት ሠራተኞች ድሮኒ በሚባለው ወፍራም የእንጨት አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እጃቸውን እኩል እያንቀሳቀሱ ያሹዋችኋል። ኬራላ ላይ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ነው የሚመደበው፤ ይሄን የምጽፈው ለሚጠይቁኝ እህቶች ነው። ፒዢቺል በሚባለው ሕክምና ለብ ያለ ዘይት በጨርቅ እየተነከረ ሰውነት ላይ ይጨመቃል፤ ብዙ ሊትር ይፈሳል። ኛቫራኪዢ በሚባለው ደግሞ ልዩ የሩዝ ዓይነት በወተትና በሥር መረቅ ተቀቅሎ በጨርቅ ይቋጠርና በትኩሱ ያሹበታል። እኔን ከሁሉ የጠቀመኝ ካቲ ባስቲ ነው። ከባቄላ መሰል ጥራጥሬ ዱቄት ሊጥ አቡክተው ወገብ ላይ እንደ ግድግዳ ክብ ይሠሩና ሙቅ ዘይት ይሞሉበታል። ሲቀዘቅዝ ቀድተው በሙቅ ይተኩታል። ሌላ ምንም የለም። ጣሪያ እያያችሁ እንኳ አይደለም፤ በሆዳችሁ ተኝታችሁ መሬት እያያችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሆድ የሚታጠብበት፣ የማስቀመጡ ቀን የሚመጣው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጉሎ ዘይት ያለበት ነገር ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ ከክፍላችሁ አትወጡም። ቀጥሎ ማገገሚያው። መጀመሪያ የሩዝ ውኃ፣ ቀጥሎ ቀጭን የሩዝ ገንፎ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አትክልት። ይሄም ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ቀን መተኛት የለም፣ ቀዝቃዛ ውኃ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ጮክ ብሎ ማውራት እንኳ አይወደድም። ደምሩት እስቲ። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ 21 ወይም 28 ቀን የሚሉት፤ ሲያንስ ሲያንስ 14። በሰባት ቀን የሚሆነው ዘይት መታሸትና ማረፍ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ድካም ያወጣል። ግን ስሙን ፓንቻካርማ ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ቅቤውንም ማስቀመጡንም አጣድፎ የሚያደርግ ቦታ ካለ ደግሞ የባሰ ነው።

«መርዝ ይወጣል» የሚለውንስ? የትኛው መርዝ? በየትኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ገብቶ፣ በየትኛው ወጣ? አዩርቬዳ ራሱ የሚናገረው ሆድ ውስጥ በደንብ ሳይፈጭ የሚቀር «አማ» ስለሚባል ነገር ነው፤ በራሱ አስተሳሰብ ውስጥ ትርጉም አለው። ያን ወስዶ በደም ውስጥ ያለ ኬሚካል ማስመሰል የሻጮች ሥራ ነው። ደም የሚያጣሩልን ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፓኬጅ አይጠብቁም።

ጸሐፊው በሁለተኛው ቀን ራሳቸውን ክፉኛ እንዳመማቸውና ይሄም መርዙ መውጣት ለመጀመሩ ምልክት እንደሆነ ጽፈዋል። ወንድሜ፣ ያ ቡና ነው! በነዚህ ቦታዎች በአብዛኛው ቡና አይሰጥም። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይብስበታል፤ አንዳንዱን እስከ ዘጠኝ ቀን ያቆየዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ጀበና የሚያስቀርብ ሐበሻ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱ። ከዚያ ሁለተኛው ቀን ላይ መርዝ አይወጣችሁም።

ምግቡም እንደኛ የጾም ምግብ አይደለም። ሥጋ ስለሌለበት ብቻ ነው የሚመሳሰለው። በርበሬው የለም፣ ሚጥሚጣው የለም፣ ቃሪያው የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚከለክሉም አሉ። ሩዝ፣ ኮኮናት፣ ዱባ፣ ክክ። ጨው ትንሽ። ከሦስት ቀን በኋላ አፌ ሽሮ ሽሮ ይለኝ ነበር። በዚያ ላይ ቅቤና ወተት ሕክምናው ውስጥ አለ፤ አንዳንዶቹ ግንባር ላይ የሚፈስሱ ሕክምናዎች በአሬራ ነው የሚደረጉት። ለሚጾም ሰው ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ይሄ ከወሩ ጋር ይያያዛል። ጸሐፊው ታኅሣሥና ጥር ይሉናል። ኬራሎች ራሳቸው የሚታከሙት በዝናቡ ነው። ዝናቡ የሚገባው ጁን 1 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ ዋናው የሕክምና ወር ደግሞ ካርኪዳካም ይባላል፤ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ። አየሩ ረጥቦና ቀዝቀዝ ብሎ፣ አቧራ ሳይኖር ሰውነት ዘይቱን ይቀበላል ይላሉ። በዚያ ወር ቤት ለቤት መድኃኒት ያለበት የሩዝ ገንፎ ይበላል፤ አብሽ የሚገባበትም አለ። አብሽ ሳገኝ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው የተደሰትኩት። ታኅሣሥ ላይ መታከም አይቻልም እያልኩ አይደለም። ታኅሣሥ ግን የቱሪስቱ ወር ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ፀሐይና ዋና ያሉት ደግሞ በሕክምናው ጊዜ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ሙቅ ዘይት ተቀብቶ ከክፍሉ ወጥቶ ባሕር የሚገባ ታካሚ ካለ ሐኪም የለውም ማለት ነው።

እንግዲህ ቀኑን ያሰላችሁ አይታችኋል። የካርኪዳካም መጨረሻ ከፍልሰታ ጋር ይጋጫል። ጾመኛ ከሆናችሁ ወይ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሐምሌ 5 ላይ ጀምሩና ከነሐሴ 1 በፊት ጨርሱ፣ ወይ ሐኪሙን ቀድማችሁ ንገሩት። በቅቤ ፋንታ በሰሊጥ ዘይት የሚደረግ አሠራር አላቸው፤ ለሁሉም ሕመም ባይሆንም። ጾም የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ኬራላ ውስጥ ማላንካራ የሚባለው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኛ ጋር አንድ ኅብረት ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. መሪዎቻቸው አዲስ አበባ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ህንዶች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። የኔዋ ሐኪም አጎት ጎጃም አስተምሯል። «እንጀራ» ማለት ታውቃለች።

ሃይማኖት ነክ ነገር የለም የሚለው ግን ልክ አይደለም። በብዙ ማዕከላት በር ላይ መብራት ይበራል፣ ዳንቫንታሪ የሚባለው የሕክምና አምላካቸው ምስል ይቀመጣል፤ አንዳንድ ሠራተኛ ከመጀመሩ በፊት አጭር ጸሎት ያደርሳል። የማይፈልግ ሰው አልፈልግም ሲል ማንም ቅር አይለውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እዚያ ይታከማል። ማወቁ ግን የአንባቢው መብት ነው። ሌላም ልጨምር፦ አሪሽታም የሚባሉት የሚጠጡ መድኃኒቶች የሚብላሉ ስለሆኑ በተፈጥሯቸው አልኮል አላቸው። አልኮል የማትነኩ ጠይቁ።

የደም ሥር ዳብሶ ሁሉን ማወቅ የተባለውን በአጭሩ። የህንድ የአዩርቬዳ ሐኪም አምስት ዓመት ተኩል ተምሮ ዲግሪ የሚይዝ ሰው ነው፤ የመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ነው። የኔዋ ደም ሥሬን ዳበሰች። ቀጥላ ኤምአርአይዬን ጠየቀች። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ አይታ «ይሄንን እሞክራለሁ፣ ይሄን ግን አልነካም» አለችኝ። ያመንኳት ያኔ ነው። ኤምአርአይ ሳያይ የተንሸራተተ ዲስክ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ እኔ ዘንድ ወጌሻነትም አይበቃውም። ወረቀታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የኬራላ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ማዕከሎቹን እየመረመረ አረንጓዴ ቅጠልና የወይራ ቅጠል የሚባል ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ሐኪም በቋሚነት አለ ወይ፣ ዲግሪው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ መጀመሪያ የደወልኩበት አንድ ሪዞርት ስለ ወገቤ ሳይጠይቀኝ ስለ ክፍሉ መስኮት ነበር የሚነግረኝ። ዘጋሁት።

አሁን ወደ ክኒኑ። ጸሐፊው በሰባተኛው ቀን ስኳራቸው ወርዶ ስላገኙት ክኒኑ አያስፈልግም ወደሚል ድምዳሜ ሄደዋል። ሰባት ቀን ትንሽ በልተው፣ ጣፋጭ ሳይቀምሱ፣ ጠዋት ማታ ተራምደው፣ ሳይጨነቁ ተኝተው ስኳራቸው ባይወርድ ነበር የሚገርመኝ። ይሄ ደስ የሚል ዜና ነው። ቤት ተመልሶ እንጀራውና ጭንቀቱ ሲመለስ ግን ስኳሩም ይመለሳል። ያኔ ክኒኑ ከሌለ ማን ይይዘዋል?

አደጋው ደግሞ እዚያው እያሉም ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በቅቤው ሰሞን ምግብ ሲቀር መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጨርሶ ያቋረጠ ደግሞ፣ በተለይ ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት፣ በቀናት ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ነገር ላይ ይደርሳል። ለደም ግፊት ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው በማስቀመጡ ቀን ውኃና ጨው አብሮ ስለሚያጣ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ደም ማቅጠኛ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፦ እነዚህ አንድ ቀን እንኳ በገዛ ፈቃድ የሚዘለሉ አይደሉም። ከአዩርቬዳው በኩልም ለስኳር ታማሚ የማይሆን አለ፤ ሌህያም የሚባሉት የሚላሱ መድኃኒቶች ብዙ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር አለባቸው። እኔ በነበርኩበት ከጎኔ ክፍል የስኳር ታማሚ አዛውንት ነበሩ። ነርሷ ጠዋትና ማታ ትለካቸው ነበር። ሐኪሟ ክኒናቸውን የነካችው ቤታቸው ያለውን ሐኪም ደውላ አነጋግራ ነው፤ ያውም ለመቀነስ እንጂ ለመጣል አይደለም።

ህንዶች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳርን፣ የደም ግፊትን፣ ካንሰርን እፈውሳለሁ ብሎ ማስታወቂያ መሥራትን የሚከለክል ሕግ አላቸው። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ፓታንጃሊ የተባለውን ትልቅ የአዩርቬዳ ኩባንያ በአሳሳች ማስታወቂያ ጠርቶ፣ መሥራቾቹ በጋዜጣ ይቅርታ እስኪያወጡ አስጨንቋቸዋል። ህንድ ሀገር ቢጻፍ የሚያስጠይቅ ነገር በአማርኛ ስለተጻፈ ምክር አይሆንም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። የክኒኑን አንቀጽ ያውጡት። ዛሬውኑ። እናቱን ይዞ ለመሄድ ትኬት እየጠየቀ ያለ ልጅ ጽሑፉን አንብቦ ደውሎልኛል፤ እናቱ ኢንሱሊን የሚወጉ ናቸው። ሌላውን፣ አምስት ሺህ ዓመቱንም፣ ታኅሣሡንም፣ መርዙንም፣ እንዳለ ይተዉት፤ በሱ ላይ ሲመቸን እንከራከራለን።